የቆርቆሮ ባንድ ምርጥ አሥራ ሁለት

ቁልፍ ሠሪው መሞቱን የሰማው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአንዲት ሴትዮ የቁም ሳጥን ቁልፍ ሲሞርድ፣ ከጎረቤቱ ከጫማ ሰፊው ራዲዮ ነው። ሴትዮዋ አጠገቡ ቆማ በስልክ ስለ ልጇ የሆድ ቁርጠት ታወራለች፤ ማሽኑ ያፏጫል፤ የናስ ብናኙ ጉልበቱ ላይ በዘረጋው ጨርቅ ላይ ይራገፋል። ራዲዮው መጀመሪያ የቀለም ማስታወቂያ አሰማ። ቀጥሎ አንድ ድምፁ የወፈረ ጋዜጠኛ፣ በዘመኑ ሰሚ ጆሮ አጥቶ የተረሳ የሮክ ባንድ፣ ቆርቆሮ ባንድ የሚባል፣ ምርጥ ሥራዎቹን በአንድ አልበም ሰብስቦ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በማዘጋጃ ቤቱ አነስተኛ አዳራሽ እንደሚያስመርቅ ተናገረ። «ከአራቱ አባላት በሕይወት ያሉት ሁለቱ» አለ ጋዜጠኛው፣ «በሞት የተለዩዋቸውን ጓደኞቻቸውን፣ በተለይም ያለ ዕድሜው የተቀጨውን የሊድ ጊታር ተጫዋች፣ በቅጽል ስሙ ትንሹን፣ በዝግጅቱ ላይ ይዘክራሉ።» ከዚያ ጊታር ተሰማ፤ ቢበዛ አሥር ሰከንድ። ከዚያ የአየር ትንበያ ገባ።

«ነፍሱን ይማር» አለ ጫማ ሰፊው፣ በከንፈሩ የያዘውን ሚስማር ሳያወጣ። ለሞተ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ቁልፍ ሠሪው እጁ ሥራውን አላቆመም ነበርና የቁልፉን ጥርስ ከሚገባው በላይ በላው። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ጀመረ። ያንን የጊታር ድምፅ ከሰላሳ ዓመት በላይ አልሰማውም ነበር፤ ግን ጣቶቹ ክሩን የጫኑበትን ቦታ ሁሉ፣ የእናቱን ቤት መብራት ማጥፊያ በጨለማ እንደሚያገኘው አድርጎ ያውቀዋል። ትንሹ እሱ ነው። ስሙን ያወጣለት የባንዱ ዘፋኝ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ በሰባት ዓመት ይበልጠዋል። በዚህ ሰፈር ግን ትንሹ ብሎ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም። እዚህ ቁልፍ ሠሪው ነው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ተመልጧል፤ ቀኝ ጆሮው በማሽኑ ጩኸት ግማሽ በግማሽ ደንቁሯል። ያለ ዕድሜው ተቀጨ ያሉት በስንት ዓመቱ ይሆን ብሎ አሰበ።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ የኪዮስኩን መስኮት ወደ ታች ሳበው። ከእኩለ ቀን በፊት ዘግቶ አያውቅም። ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ አየው።

«ጎረቤት፣ ደህና ነህ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«የማውቀው ሰው ሞቶ ነው።»

«አዪ። ዘመድ ነው?»

«አይ፣ ድሮ ነው የማውቀው» አለና መንገዱን ተሻገረ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ክፍል ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ግድግዳውን ተደግፎ እስከ መስኮቱ ወገብ ደርሷል፤ ስለዚህ ክፍሉ በቀን የመሸ ይመስላል። አንገትጌ የሌላቸው ሸሚዞች ወንበሩ ላይ ተከምረዋል። ሰው ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ ለመስጠት መጀመሪያ ሸሚዝ መሸከም ያስፈልጋል፤ ደግነቱ ብዙ ሰው አይመጣም። ሁለቱ ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ በበዓል ይደውላሉ። ባልና ሚስቱ የቀራቸው ወሬ የቧንቧው ውኃ መጣ አልመጣም፣ ክሩ አለቀ አላለቀም ነው። አይጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ዝምታ ነው ያላቸው፤ ሁለት ሰው በአንድ አልጋ ላይ ተኝቶ እያንዳንዱ የየራሱን ጣሪያ የሚያይበት ዓይነት።

እሷ የስፌት መኪናዋን እየነዳች ሰማችው። የራዲዮውን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራት። ባንዱን ታውቀዋለች፤ ሲጋቡ ጊታሩን አልጋ ሥር አግኝታዋለች፤ ሲሸጠውም ነበረች። ሲጨርስ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ተነሣ።

«መጥታ ነበር» አለች።

«ማን?»

«የወንድምህ ሚስት። ወር አልፎታል። ወረቀት በፕላስቲክ ይዛ መጣች። ሁላችሁም ካልፈረማችሁ አልበሙን አያትሙትም አለች። በር ላይ አቆምኳት። ደረጃውን ወጥታ ላብ አጥምቋት ነበር፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ አልሰጠኋትም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሚስቱ በጣቷ የመርፌውን ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ስሙ እዚህ ቤት አይጠራ ያልከው ማን ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠራሁም። ልጆቹ ሲጠይቁኝ አልጠራሁም። አንተ በእንቅልፍህ ስትጠራው እንኳ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ያን ቀን ልጥራው?»

ከዚያ ተነሥታ የካውያውን ገመድ ሰካች፤ አንድ ያለውን ነጭ ሸሚዝ ከቁም ሳጥን አወጣች፤ በዩኒፎርሞቹ መሐል ቦታ ፈልጋ ተኮሰችለት። እጅጌውን ሁለት ጊዜ ነው የተኮሰችው። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጀርባዋን እያየ፣ ይህች ሴት በእንቅልፉ የሚያወራውን ስንት ዓመት ብቻዋን ስትሰማ እንደኖረች አሰበ። «ሄደህ አለሁ በላቸው» አለች ሸሚዙን ስታቀብለው። «ሰው በቁሙ ሲቀበር ዝም አይልም።» ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ደረጃውን ሲወርድ የስፌቱ ድምፅ እስከ አንደኛ ፎቅ ተከተለው።

በቀጥታ ወደ አዳራሹ ለመሄድ ልቡ እምቢ አለው፤ ሰዓቱም ገና ነበር። ወደ ድራመሩ ሄደ። ድራመሩን ዶፍ ይሉታል። ባንዱ ልምምድ ያደርግ የነበረው የአንድ ጋራዥ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያው ሲንኳኳ ዶፍ በድራሙ ጩኸት ዝናቡን ይበልጠው ነበር። የባንዱም ስም ከዚያው ጣሪያ ነው የመጣው። ሰዉ ስሙን እንደ ስድብ ነው የተቀበለው፤ «ቆርቆሮ ናቸው፣ ቆርቆሮ ይመስላሉ» ይባል ነበር። አንድ ካሴት አወጡ፤ ሱቆቹ መልሰው ሰጧቸው። ሁለተኛ ቀረጹ፤ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ኪቦርድ ገዝቶ ሠርግ ቤት መዝፈን ጀመረ፤ ኪቦርዱ ጊታሩንም ድራሙንም ቤዙንም በአንድ ቁልፍ ስለሚያወጣ ሌሎቹ አላስፈለጉትም።

ዶፍ አሁን በአንድ የገበያ ማዕከል ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ትኬት ይቆርጣል። የሚቀመጥባት የመስታወት ሳጥን ሁለት ክንድ አትሞላም፤ የጭስ ሽታ እንዳይገባ ቀዳዳዎቿን በጋዜጣ ደፍኗቸዋል፤ ትንሽ ማራገቢያ እላዩ ላይ ታንቋርራለች። ለምረቃው የሚለብሰው ኮት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ቁልፍ ሠሪውን በመስታወቱ ሲያይ መጀመሪያ ትኬት ሊቆርጥለት እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ማን እንደሆነ ገባውና እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ሰማህ» አለው።

«ሰማሁ። መቼ ነው የሞትኩት?»

ዶፍ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ሲያፍር ከንፈሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ከሳጥኑ ወጥቶ ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ወሰደው። መኪኖች እየወጡ እየገቡ ነበርና ነገሩን በቁርጥራጭ ነው የነገረው። አንዲት አሳታሚ አለች፤ በሟች አባቷ መኪና ውስጥ የነሱን ካሴት አግኝታ ሰምታ አበደች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈልጋቸው ኖረች። ሳይወጣ የቀረውን የሁለተኛውን ካሴት ክር ከቀረጻ ቤቱ ወራሾች ላይ ለቅማ አገኘች። ግን ሕጉ ሕግ ነው፤ አራቱም ካልፈረሙ፣ የሞተ ካለ ወራሹ ካልፈረመ፣ አይታተምም። የቤዙ ተጫዋች ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ልጁ ከሩቅ አገር ፈርሞ ላከ። የቀረው አንድ ፊርማ ነበር።

«ሚስቱ ካንተ ቤት ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ወንድምህ ሦስት ቀን እዚህ መጥቶ እዚያ መስታወት አጠገብ ቆመ። ምንም አይልም። ይቆማል፤ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ሟች ነው፣ ወራሹ እኔ ነኝ ብዬ ልፈርም ነው አለኝ።»

«አንተስ?»

«እኔ ምስክር ነኝ።»

«አትቀልድ።»

«ምስክር ሆኜ ፈርሜአለሁ። ሁለት ያስፈልግ ነበር፤ ሌላዋ ሚስቱ ናት።» ዶፍ ወደ መሬት አየ። «አሳታሚዋ የሞት ማስረጃ አምጡልኝ አለች። ያኔ ወንድምህ አለቀሰ። ዝም ብሎ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። ውሸት አልነበረም ልቅሶው፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ አንገቱን ነው የሚያከው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችንም።»

አንድ ቀይ መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ዶፍ ሮጦ ትኬት ቆርጦ ተመለሰ። ሲመለስ ከኪሱ ሲዲውን አወጣ። ሽፋኑ ላይ አራቱም ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል፤ ጠጉራቸው ትከሻቸው ደርሷል፤ ሁሉም ቀጫጭን ናቸው። ቁልፍ ሠሪው ራሱን ለማግኘት አፍታ ወሰደበት። ከኋላው ዝርዝሩ አለ፤ «ሊድ ጊታር፦ ነፍስ ኄር ትንሹ» ይላል፣ በትንንሽ ፊደል፣ በጥሩ ቀለም። ከላይ «ምርጥ አሥራ ሁለት» ተብሎ ተጽፏል።

«በጠቅላላው አሥራ አራት ዘፈን አይደል ያለን?» አለ።

«አሥራ አራት ነው።»

«ታዲያ አሥራ ሁለቱ ምርጥ ከሆነ ሁለቱ ምን አጥፍተው ነው?»

ዶፍ ሳቀ፤ ድዱ ታየ። ለአንዲት ቅጽበት ሁለቱም የጋራዡ ልጆች መሰሉ። ከዚያ ዶፍ ሳቁን ዋጠና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አትምጣ። እግርህ ሥር እወድቃለሁ፣ አትምጣ። ዛሬ አለሁ ብለህ ብትቆም ወንድምህ በሐሰት ሰነድ ይከሰሳል፤ እኔም አልቀርም። ሲዲውም ይሰበሰባል። የልጅ ልጆቼ እኔን ትኬት ቆራጭ ብቻ አድርገው ነው የሚያውቁኝ። ትናንት አስደመጥኳቸው። ትልቋ አባባ ይሄ አንተ ነህ? አለችኝ።» የሚገባ መኪና እንደሌለ ዞር ብሎ አየ። «ደሞስ፣ ራስህ አይደለህ የተናገርከው? እናታችሁ የሞተች ጊዜ። በሩ ላይ ቆመህ፣ ወንድምህ እንደሞተ ቁጠረው ብለህ አልዘጋህበትም? እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ ሻንጣውን ይዤለት።»

እውነት ነው። እናታቸው ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝታ ትንሹ ነው ያስታመማት፤ ጊታሩን የሸጠውም ያኔ ነው። ታላቅየው ሌላ ከተማ ሠርግ ላይ ነበር፤ ከተቀበረች በአምስተኛው ቀን መጣ፤ የመድረክ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፣ ኮሌታው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበረበት። ትንሹ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ዓይኑ ደም ለበሰ። ያንን ቃል ተናገረ። ያለው እውነት ነው፤ የረሳው ግን ቃሉን የሚሰማ ሰው እንዳለ ነው። ወንድሙ ቃሉን እንደ ታዘዘው ጠብቆ ኖረ፤ መጨረሻ ላይም በወረቀት አጸደቀለት።

ከምድር ቤቱ ወጥቶ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄደ። ፀሐይዋ ነጭ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣበቀችው። ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ አሳለፈው። ለምን እንደሚሄድ ቢጠይቁት አይመልስም ነበር። ሊያጋልጥ አይደለም፤ ዶፍ ስለ ልጅ ልጆቹ ካወራ በኋላ ያ ነገር አብሮት አልወጣም። ምናልባት ያንን አሥር ሰከንድ እስከ መጨረሻው ለመስማት ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ አነስተኛ አዳራሽ የስብሰባ ክፍል ነው። መጋረጃዎቹ አረንጓዴ የነበሩ፣ ፀሐይ ያገረጣቸው፤ ግድግዳው ላይ ካለፈው ስብሰባ የቀረ የውኃ ቆጣቢነት መፈክር ተለጥፏል፤ ከመድረኩ አጠገብ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ጠብ ጠብ ስለሚል ባልዲ ተቀምጦለታል። ወንበሮቹ መቶ ያህል ናቸው፤ ሰዉ አርባ አይሞላም፤ አብዛኞቹም የወንድሙ ጎረቤቶችና የድሮ የሠርግ ደንበኞች መሆናቸው ያስታውቃል። በሩ ላይ ሲዲዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ዋጋቸው አንድ የበር ቁልፍ ከሚቀረጽበት ዋጋ ጋር እኩል ነው። ማንም ቁልፍ ሠሪውን አላየውም። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ጊታር በጥቁር ከረጢት ካዘለች አንዲት ወጣት አጠገብ ተቀመጠ። መድረኩ ላይ ወንድሙና ዶፍ ተቀምጠዋል። ዶፍ ኮቱን ለብሷል። ወንድሙ ጠጉሩን አጥቁሯል፤ ሱፉ ሰፍቶታል፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ እንደ ሌላ ሰው አንገት ቆሟል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰማንያ ይመስላል። ትንሹ ይህን ሲያይ ያዘጋጀው ቂም የት እንደገባ ጠፋው።

አሳታሚዋ መነጽር ያደረገች ቀጭን ሴት ናት። ንግግሯን ከወረቀት ታነባለች፤ ዘፈኖቹን ከልቧ ትወዳለች። ሦስተኛውን ዘፈን እንስማው አለችና ማጉያውን ከፈተችው። የወንድሙ ድምፅ መጣ፤ ያኔ የነበረው፣ ጉሮሮን የሚቧጭረው ድምፅ። ከዚያ የጊታሩ ሶሎ ገባ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን ዓይኑን ከባልዲው ላይ አልነቀለም። የተቀረጸበትን ቀን ያስታውሳል፤ ዝናብ ነበር፤ ጣሪያው ይንኳኳ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ጣቱ ተንሸራቶ ኖታውን ሳተ፤ ወንድሙ ማይክራፎኑ እንደተከፈተ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ካሴቱ ላይ ቀረ። ያንን ሳቅ ጠበቀ። የተንሸራተተው ጣት መጣ፤ ከዚያ ግን ምንም አልነበረም፤ ንጹሕ ዝምታ። ዝናቡንም ሳቁንም በኮምፒውተር አጥርተው አውጥተዋቸዋል።

«እዚህ ጋ ሳቅ ነበረ» አለ ሳያስበው።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ምንም።»

«ይሄንን ሶሎ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል ለመልቀም» አለች በሹክሹክታ። «መጨረሻው ላይ ያለውን መንሸራተት አልቻልኩትም። እንዴት እንዳመጣው ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። ያውቁት ነበር እንዴ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ቁልፍ ሠሪው ጥያቄውን በቁም ነገር ነው የወሰደው። ስለ እሱ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አያስታውስም።

«ኩሩ ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ ከተናገረ የማይመለስ። ወንድሙን አያናግርም ነበር። ከዚያ በቀር ክፉ ሰው አልነበረም።»

ልጅቷ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። አሳታሚዋም ወረቀቷን አጣጥፋ፣ በሞት ለተለዩት ሁለት የባንዱ አባላት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ፣ እባካችሁ ተነሡ አለች። ወንበሮች ተንኳኩ። ሁሉም ቆመ። ቁልፍ ሠሪው የተነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተቀምጦ ቢቀር ሰው ያየዋል፤ ስለዚህ ቆመ። እጁን ከፊቱ አቆላለፈ፤ አንገቱን ደፋ። ለቤዙ ተጫዋች ለመጸለይ ሞከረ፤ ፊቱ አልመጣለትም። ባልዲው ውስጥ ጠብ የሚለውን ቆጠረ። ሰባተኛው ላይ ቀና ሲል መድረኩ ላይ አንድ ሌላ ቀና ያለ ራስ ነበረ። ወንድሙ ያየዋል።

የቀረውን ደቂቃ በተደፉ ራሶች አናት ላይ ተያዩ። ማናቸውም አልተነቃነቁም። ታላቅየው አፉ ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና መልሶ አወረደው። ዶፍ ከጎኑ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ሰብስቦ ቆሟል። አሳታሚዋ «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ» ስትል ቁልፍ ሠሪው ከሰዉ ጋር ተቀመጠ።

ወንድሙን ለንግግር ጠሩት። ወረቀት ይዞ ነበር፤ አየውና ኪሱ ከተተው። ድምፁ ከዘፈኑ ውስጥ ካለው ድምፅ አንዲት ፍንጣሪ አልቀረችውም።

«ስለ ወንድሜ ተናገር ብለውኛል» አለ። «ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ጊታር ሲይዝ ቁመቱ ከጊታሩ አይበልጥም ነበር፣ ለዚያ ነው ትንሹ ያልኩት።» ማይክራፎኑን ወደ አፉ አቀረበ። «እናታችን ስትሞት አልነበርኩም። ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሰው የሚያውቀው በኋላ እንደሰማሁ ነው። ውሸት ነው። በዕለቱ ደውለው ነግረውኛል። የሙሽራው አባት አደራ እንዳታቋርጥ አለኝ፤ አላቋረጥኩም። ሌላም ሠርግ ተቀብዬ ነበር፤ እሱንም ሠራሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ በር ዘጋብኝ፤ ይህን ሳያውቅ ነው የዘጋው፤ ቢያውቅ ምን ሊያደርግ እንደነበር አላውቅም። ደግ አደረገ። ይቅርታ ልለው የምችልበት ቀን ብዙ ነበር። አንድ ፎቅ ሁለት ፎቅ ወጥቼ ከደረጃው ተመልሻለሁ። አሁን…» ዓይኑ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። «አሁን ሞቷል እንግዲህ» አለና ተቀመጠ። ሰዎች አለቀሱ። ከፊት ያሉ ሁለት ሴቶች ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ጭብጨባም ለቅሶም የተቀላቀለበት ነገር ሆነ።

ቁልፍ ሠሪው መውጣት ይችል ነበር። በሩ ከጀርባው ነው። ግን ሰዉ ተነሥቶ እጅ ለመጨበጥ ሲሰለፍ እግሩን ሰልፉ ውስጥ አገኘው። ከፊቱ ጊታር ያዘለችው ልጅ ቆማለች። ሰልፉ ሲያጥር፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው እያለ ያስብ ነበር፤ እሱ ወንድም ጋሼ ቢል፣ ወይም የወንድሙ አፍ ትንሹ ቢል፣ የቀረው የፈለገው ይሁን። አልበሙም ይሰብሰብ፣ ፖሊስም ይምጣ። ልጅቷ አለፈች። እሱ ደረሰ። አሳታሚዋ በወንድሙ ጎን ቆማ በደግነት አየችው።

«እርስዎስ? ባንዱን ያውቁት ነበር?»

«ቁልፍ ሠሪ ነኝ» አለ።

እጁን ዘረጋ። ወንድሙ በሁለት እጁ ያዘው። መዳፉ ሞቃትና ደረቅ ነበር፤ ጣቶቹ በቁልፍ ሠሪው ጣት ላይ ያሉትን የሞረድ ጠባሳዎች አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ሰላምታው ከመጠን በላይ ረዘመ፤ ከኋላ ያሉት መጠበቅ ጀመሩ። ወንድሙ ወደ አሳታሚዋ አየ፣ ወደ ዶፍ አየ፣ በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሲዲዎች አየ። ከዚያ እጁን ለቀቀው።

«ስለመጡ አመሰግናለሁ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ። ይበርቱ።»

ያ አፍ በሃምሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ከአንተ ሌላ ብሎት አያውቅም። ሲመታውም፣ ሲያቅፈውም፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲለምነውም አንተ ነው ያለው።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ ቁልፍ ሠሪውም፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው፤ ለሚቀጥለውም ሰው ቦታ ለቀቀ።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አገኘ፣ በመስኮቱ በኩል። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች መተላለፊያውን ሞልተውት ነበር፤ አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ያማርራል፤ አንዷ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል እግሯ ሥር አድርጋ ታንጎላጃለች። ሁለት ፌርማታ ካለፉ በኋላ ግራ እጁ ጭኑ ላይ ሲንቀሳቀስ አየው። ጣቶቹ ይጫናሉ፣ ይነሣሉ፣ ይንሸራተታሉ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ማየት ጀምሯል። ቁልፍ ሠሪው እጁን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠበት፤ እስኪወርድም ድረስ እንደዚያው ተቀምጦበት ሄደ።